መርፌው ከዓይንዎ ስንት ሳንቲ ሜትር ይርቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ዓይን ሞራ ግርዶሽና ስለ ሰው ሠራሽ ሌንስ

ጥያቄ፦ «ለተከበሩ ዶክተር። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወደ ስድሳ ዓመቴ እየተጠጋሁ ነው። በሁለቱም ዓይኖቼ የሞራ ግርዶሽ አለ ተብያለሁ፤ ግራው ብሷል። ጥቁር ክርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ስለሚምታቱብኝ ለይቶ የሚያቀብለኝ ልጄ ነው። የታየሁበት የግል ክሊኒክ ሦስት ዓይነት ሌንስ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፦ ባለአንድ ርቀት፣ ባለብዙ ርቀት፣ ባለሲሊንደር። ባለብዙ ርቀቱ ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ጅዳ ያለው ወንድሜ ‹ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ውዱን አስገባና መነጽር ከሚባል ነገር ተገላገል› ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ለሩቅ መነጽር አደርጋለሁ፤ መርፌ ሳሰካ ግን አውልቄ ነው የምሠራው። የትኛውን ልምረጥ?» (ልብስ ሰፊው፣ ከሐረር)

መልስ፦ ጋሼ፣ በቅድሚያ ዶክተር አይደለሁም። በየደብዳቤው ዶክተር እያላችሁ ስለምትጽፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ማዕረጉ ግን የሌላ ሰው ነው። እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ቀዶ ሕክምናውን ዶክተሩ ይሠራል፤ እኔ ከዚያ በፊት ባለችው ጨለም ያለች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዓይን እለካለሁ። እዚህ ድሬዳዋ ጥርሴን የነቀልኩት በዚሁ ሥራ ነው። ስለዚህ መልሴ ሁሉ ወደ መለኪያ ቢያደላ አይግረምዎ።

ሦስቱን የሌንስ ዓይነቶች ለጊዜው እናቆያቸው። ከደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት ጣል ያደረጓት አረፍተ ነገር ናት፦ «መርፌ ሳሰካ ግን አውልቄ ነው የምሠራው።» ክሊኒኩ በጻፈልዎ ወረቀት ላይ ይህ ነገር ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ወንድምዎም አያውቁትም። የሌንሱን ጉዳይ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ለሩቅ መነጽር አድርጎ ለቅርብ የሚያወልቅ ሰው ዓይኑ ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን የሚያደበዝዝ ነው፤ መነጽር ቤት ውስጥ ማይነስ የምንለው። እኩዮችዎ አርባውን አልፈው መርፌ ለማሰካት ልጅ ሲጠሩ፣ እርስዎ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ሥራዎን ቀጠሉ። በወጣትነትዎ እንደ ጉድለት ይታይ የነበረው ማይነስ በጎልማሳነትዎ እንጀራዎን ጠብቆልዎታል።

ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ይወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። የሚገባው ሌንስ ኃይል የሚታወቀው በስሌት ነው። የዓይንዎ ርዝመትና የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም የኮርኒያው ጉብጠት ተለክቶ ወደ ቀመሩ ይገባል። ከዚህ ሌላ ግን ቀመሩ ራሱ የማያውቀው፣ ሰው ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ፦ ይህ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለ መነጽር አጥርቶ እንዲያይ የምንፈልገው የትኛውን ርቀት ነው? ማንም ምንም ካላለ የተለመደው መልስ ዜሮ ነው፤ ሩቁን ማለት ነው። ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለአብዛኛው ሰው ይህ ትክክል ነው። ለእርስዎ ግን ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

በዜሮ ከተሠራልዎ ከፈረስ መጋላ በኩል ወደ ሱቅዎ የሚወርደውን ደንበኛ ገና ከሩቅ ይለዩታል። ግድግዳ ላይ ያለውን የፊደል ሰንጠረዥ እስከ ታች ያነባሉ፤ ካርድዎ ላይም «ጥሩ ውጤት» ተብሎ ይጻፋል። ሱቅዎ ገብተው ክር ሲያነሱ ግን የመርፌው ቀዳዳ የለም። መነጽርዎን ሊያወልቁ እጅዎን ወደ ፊትዎ ይሰዳሉ፤ የሚወልቅ መነጽር የለም። እንዲህ የሆኑ ሰዎች እኔ ዘንድ መጥተው ያውቃሉ፤ ጥልፍ ጠላፊ፣ ወርቅ ሠሪ፣ ሙሉ ዕድሜዋን አለላ ስትሰፋ የኖረች እናት። ቀዶ ሕክምናው አልተበላሸባቸውም። ሥራቸው ምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አንገትዎ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ያውርዱ። ስፌት መኪናዎ ላይ ይቀመጡና ልጅዎ ከዓይንዎ ጥግ እስከ መኪናው መርፌ ድረስ ይለካ። ቀጥሎ ቁልፍ እንደሚተክሉ ሆነው የእጅ መርፌ ይያዙና እሱንም ይለካ። ሲለካዎ ቀጥ አይበሉ፤ እንደ ወትሮው ጎብጠው ይቀመጡ። እኔ የምፈልገው የሥራ ቀንዎን ርቀት ነው፤ ለመለኪያ ብለው ያሳመሩትን አይደለም። ከዚያ 100ን ለተገኘው ሳንቲ ሜትር ያካፍሉ። 33 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ይመጣል፤ 40 ከሆነ 2.5፤ 50 ከሆነ 2። ይህ ቁጥር ማይነስ ሆኖ ዓይንዎ ውስጥ ቢቀር፣ ያለ መነጽር አጥርተው የሚያዩት ያንኑ ርቀት ነው።

የእጁ መርፌና የመኪናው መርፌ አንድ ቦታ አይውሉም፤ የእጁ ወደ 33፣ የመኪናው ወደ 50 ቢሆንልዎ አይደንቀኝም። ባለአንድ ርቀት ሌንስ ደግሞ ስሙ እንደሚለው አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያጠራው። እኔ ብሆን መሐል ላይ፣ ማይነስ 2.5 አካባቢ እንዲሆንልኝ እጠይቅ ነበር። ምክንያቴን ልንገርዎ። የትኛውም ስሌት ቢሆን ጥቂት መሳቱ አይቀርም፤ ግማሽ ቁጥር ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት የተለመደ ነው። 2.5 ታስቦ 2 ላይ ቢያርፍ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 3 ላይ ቢያርፍ 33 ነው። በሁለቱም ወገን ቢስት እንኳ ከስፌት ጠረጴዛዎ አይወጣም። ለመንገድ፣ ለመስጊድ ወይም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቴሌቪዥን መነጽር ያደርጋሉ፤ አፍንጫዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ የለመደው ዕቃ ነው። «መነጽር ጨርሶ ሰልችቶኛል፤ የምፈልገው መንገዱን ማየት ነው፤ መርፌውን ልጄ ይረከበኛል» ካሉ ደግሞ ዜሮው ይሁንልዎ። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝ ሳይጠየቁ ሲመረጥልዎ ነው።

ስለዚህ ዶክተሩ ፊት ሲቀርቡ «የትኛው ሌንስ ይሻለኛል?» አይበሉ። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዲቀርልኝ ያሰባችሁት ቁጥር ስንት ነው?» ይበሉ። ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ የማያይዎት ዶክተር የለም። የድሮ መነጽርዎን፣ ካለዎትም ከሞራው በፊት የነበረውን የመነጽር ማዘዣ ይዘው ይሂዱ። ሞራው ራሱ የዓይንን ቁጥር ስለሚያዛባ የልጅነት ማይነስዎ ስንት እንደነበር የሚናገረው የቀድሞው መነጽር ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎ እንምጣ። ለወንድሙ ዓይን ገንዘብ የሚልክ ሰው ይባረክ እንጂ ምን ይባላል። ባለብዙ ርቀቱ ሌንስም በራሱ ክፉ ዕቃ አይደለም። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው፦ ሌንሱ ላይ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ፤ የሚገባውን ብርሃን ለሩቅና ለቅርብ ያካፍሉታል። አንድ እንጀራ ለሁለት ሲቆረስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሹ ነው፤ ሁለቱም በሉ ማለት ሁለቱም ጠገቡ ማለት አይደለም። ቀን፣ በጠራ ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ጥቁር ሱሪ ላይ በጥቁር ክር ለሚሰፋ ሰው ግን ይታወቃል። ከዚህም በላይ ማታ ማታ በመብራቶች ዙሪያ ቀለበት ወይም ጨረር ይታያል። አንዳንዱ ሰው በወራት ውስጥ ይለምደዋል፤ አንዳንዱ ሳይለምደው ቀርቶ ሌንሱ እንዲወጣለት ይለምናል። መኪና ግርግርን አውቃታለሁ። በዚያች ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ብርሃን የሚያገኙት ከበራቸው ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ልብስ ሰፊው መኪናውን ወደ ደጅ ገፍቶ ይሠራል። እዚያ ሆነው በግማሽ ብርሃን እንዲሠሩ አልመክርዎትም።

ወንድምዎ ገንዘቡን ከመላክ እንዳይቀሩ ግን አደራ። ዓይንዎ በደንብ በሚለካበት ቦታ ይለኩበት፤ ሁለተኛውን ዓይን ያሠሩበት፤ የተረፈው ደህና የሩቅ መነጽርና ለጠረጴዛዎ የሚሆን ጠንካራ መብራት ይገዛል።

ባለሲሊንደሩ በሦስተኛነት መጻፉ አሳስቶዎታል፤ ከሁለቱ ጋር የሚወዳደር ምርጫ አይደለም። ኮርኒያው በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ጎብጦ ሲገኝ ያንን የሚያካክስ ሌንስ ነው፤ ባለአንድ ርቀትም ሆኖ ባለሲሊንደር ሊሆን ይችላል። የመለኪያ ወረቀትዎ ላይ ሲሊንደሩ ከ1 በታች ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። ከ1.5 በላይ ከሆነ ይነጋገሩበት። ይህ ሌንስ ዓይን ውስጥ በትክክለኛው ማዕዘን መቀመጥ አለበት፤ 10 ዲግሪ ቢዞር ከጥቅሙ ሲሶው ይጠፋል፤ 30 ዲግሪ ቢዞር እንዳልገባ ይቆጠራል።

አንዳንድ ዶክተሮች አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ እናድርገው ይሉ ይሆናል። የሚስማማቸው ሰዎች አሉ። መርፌና ክር ማገናኘት ግን ሁለቱም ዓይኖች ተባብረው ጥልቀት ሲለኩ የሚቀና ሥራ ነው፤ ለልብስ ሰፊ እኔ አልወደውም። ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ፦ ግራው ተሠርቶ ዜሮ ቢሆንና ቀኙ በማይነሱ ቢቆይ፣ ሁለቱ ዓይኖች አንዱን ነገር በተለያየ መጠን ያዩታል፤ መነጽር ማስማማትም ያስቸግራል። ማይነስ እንዲቀርልዎ የመከርኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው፤ የቀኙ ዓይን ተራ እስኪደርስ በሰላም ይሰነብታሉ።

ስለ መለኪያው ደግሞ ጥቂት ልናገር፤ ሥራዬ ነውና ታገሡኝ። የአዋቂ ሰው ዓይን በአማካይ ወደ 23.5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የማይነስ ዓይን ከዚህም ይረዝማል። በርዝመቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብንሳሳት መጨረሻ ላይ በመነጽር ቁጥር ከ2.5 እስከ 3 የሚደርስ ስሕተት ይወጣል። በአልትራሳውንድ ስንለካ የመሣሪያው ጫፍ ኮርኒያውን ይነካል፤ የለካው ሰው እጁ ትንሽ ከከበደ ዓይኑን ተጭኖ ያሳጥረዋል። በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ዓይን ስለማይነካ ከዚህ ነጻ ነው፤ ሞራው በጣም ከጠጠረ ግን ብርሃኑ አያልፍም። ጋሼ፣ አገጭዎን ደገፍ አድርገው «መብራቷን ይመልከቱ» ሲባሉ መብራቷን ብቻ ይመልከቱ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተለካና ቁጥሮቹ ከተራራቁ እንደገና ይለካ ብለው ይጠይቁ፤ ማንም አይቆጣዎትም። ቢቆጣም ይቆጣ።

ማይነስ የሆነ ዓይን ሬቲናውም፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ይታይ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሬቲና መላቀቅ እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ላይ ከሌላው በዛ ብሎ ይታያል። ብልጭታ፣ በድንገት የበዛ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወይም ከአንድ ወገን የሚወርድ ጥላ ካዩ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ለነገ የሚባል አይደለም።

ስለ ክሩ ጠይቀዋል ባልልም አንሥተውታልና ልመልስ። ሞራ እየቆየ ሲሄድ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር አንድ የሚሆኑብዎ ለዚህ ነው። ግራው ከተሠራ በኋላ ነጭ አቡጀዲ ፊትዎ ዘርግተው አንዱን ዓይን በየተራ ይሸፍኑ። በተሠራው ዓይን ጨርቁ ሰማያዊ ጥላ እስኪመስል ነጭ ነው፤ ባልተሠራው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ሁሉም ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። ልጅዎም ክር ከማቀበል ይገላገላል።

ጥያቄ፦ «እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ከሁለት ዓመት በፊት ዳዊቷን ያለ መነጽር መድገም ስትጀምር ዓይኗ ተመለሰላት ብለን ስለት አስገብተን ነበር። አሁን ግን ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ጎረቤቶቻችን ሞራ ሳይበስል አይነካም ይላሉ። የነጻ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሊመጣ ነው ሲባል ሰምተናል፤ በዘመቻ የሚያስገቡት ርካሹን፣ የማይታጠፈውን ሌንስ ነውና ተበድራችሁም ቢሆን በግል አሠሩላት የሚሉንም አሉ። ምን ይሻላል?» (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለቱ አይቆጭሽ። በዚያን ጊዜ የሆነው ይህ ነው፦ ሞራው ሲጀምር የሌንሱን መሐል ያጠጥረዋል፤ የጠጠረው ሌንስ ብርሃንን አብዝቶ ስለሚሰብር ዓይኑ ወደ ማይነስ ይሄዳል፤ ቅርቡ ለጊዜው ይጠራል። ብዙ አረጋውያን ላይ አየዋለሁ። የሞራ መጀመሪያ ነው እንጂ መዳን አይደለም።

«እስኪበስል» የሚለው ምክር ከድሮ ሕክምና የቀረ ነው። ሞራው ሌንሱን ከሚይዘው ቀጭን ሽፋን ጋር ተነቅሎ ይወጣ በነበረበት ዘመን መጠበቁ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ሽፋኑ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠውም በእሱ ውስጥ ነው። አብዝቶ የበሰለ ሞራ ግን ጠጣር ይሆናል፤ ለማውጣት ያስቸግራል፤ አንዳንዴም አብጦ ወይም ፈስሶ የዓይን ግፊት ያስነሣል፤ ያኔ ሕመሙ አያድርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ምክንያቱ ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ «እስኪበስል» ተብሎ ሲጠብቅ እንደነበር አስባለሁ። እናትሽ ሰው በድምፅ መለየት ከጀመረች ከበቂ በላይ በስሏል።

የማይታጠፈው ሌንስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፒኤምኤምኤ ይባላል። በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሌንስ የተሠራውም ከዚሁ ነው። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ስባሪው ዓይኑን ሳያስቆጣ ተቀምጦ አየ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለአንዲት ሴት አስገባ። የሚገርምሽ፣ ዓይኗ ፕላስቲኩን ተቀብሎታል፤ ቁጥሩ ግን አልሆነም፤ ሴትዮዋ ከ10 በላይ ማይነስ ሆና ወጣች። እኔ ታሪኩን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩ በዓይን ውስጥ ከሰባ ዓመታት በላይ ተፈትኗል። ርካሽ የሆነውም ጥራቱ ስለወረደ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድ፣ በኔፓልና እዚሁ አጠገባችን በአሥመራ ፋብሪካዎች ተከፍተው በብዛት ማምረት ስለጀመሩ ነው። ከዚያ በፊት ሌንስ የሀብታም ዕቃ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ቀዳዳው ላይ። የማይታጠፈው ሌንስ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚደርስ መግቢያ ይፈልጋል። የሚታጠፈው ተጠቅልሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ይገባና ውስጥ ይዘረጋል። ሰፊው መግቢያ ለመዳን ትንሽ ይዘገያል፤ ጥቂት ሲሊንደርም ሊያመጣ ይችላል። ግን እንደ እናትሽ ያለውን ጠጣር ሞራ ሳይሰባብሩ በሙሉው ለማውጣት የሚመቸው ይኸው ሰፊው ነው፤ ደህና ሲሠራ መግቢያው ራሱን ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ ስፌት እንኳ አያስፈልገውም።

አትበደሪ። ዘመቻው ሲመጣ ውሰጃት፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ሌንሱ ከመግባቱ በፊት ዓይኗ ይለካል ወይስ ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው የሚገባው? ከተለካ ሌላ የምትጨነቂበት የለም። ሬቲናዋና የዓይን ግፊቷም ይታይ፤ ከሞራው ጀርባ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ፣ ካለ ሌንስ ብቻውን አያድናትም። በዜሮ ስትሠራ ቤተሰቡን በፊቱ ትለያለች፤ ለዳዊቱ ደግሞ ቁስሉ ከረጋ በኋላ፣ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ዓይኗ ተለክቶ የማንበቢያ መነጽር ይሰጣታል። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚሸጠውም ቁጥሩ ከገጠመ ይሠራል፤ መነጽር ቤቶች ይህን በመጻፌ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ «ከድሬዳዋ ጅቡቲ ከባድ መኪና እነዳለሁ። በሙቀቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የምጓዘው ሌሊት ነው። ስኳር አለብኝ። ሞራ ባለበት ዓይኔ ላይ ከአፍንጫ በኩል ሥጋ በቅሎበታል። ባለብዙ ርቀት ሌንስ ላስገባ አስቤ ነበር።» (ሹፌር፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተው። ሌሊት በደወሌ መንገድ ከፊትህ የሚመጣው የእያንዳንዱ መኪና መብራት ቀለበት ቢሠራብህ ለአንተም ለሌላውም ጥሩ አይደለም። ባለአንድ ርቀት፣ በሁለቱም ዓይን ለሩቅ፤ ለዳሽቦርዱና ለሰነዱ መነጽር ያዝ። ስኳሩ ደግሞ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው፤ ሬቲና በስኳር ሲጎዳ ዓይን የብርሃንን ልዩነት የመለየት አቅሙ ይቀንሳል፤ ባለብዙ ርቀቱ ያንኑ ይባስ ይቀንሰዋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስኳርህን አስተካክል፤ ሬቲናህን አሳይ።

ሥጋው በዚህ ፀሐይና አቧራ ብዙ ሹፌሮች ላይ የማየው ነው። ወደ ኮርኒያው ከገባ ኮርኒያውን ይጎትተዋል፤ የምለካው ጉብጠት የአንተ ሳይሆን የሥጋው ይሆናል። ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይነሣ፤ ዓይኑ እስኪረጋ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠበቅ፤ ከዚያ ይለካ። ሁለቱን በአንድ ቀን እንጨርስልህ የሚልህ ካለ፣ ቁጥሩን በየትኛው መለኪያ እንዳገኘው ጠይቀው።

ጥያቄ፦ «አንዴ የገባ ሌንስ ስንት ዓመት ያገለግላል? ጊዜው ሲያልፍ ይቀየራል? አባቴ በተሠራ በሦስተኛ ዓመቱ ሞራው ተመልሶበታል።» (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሌንሱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የሚቀየርበት ቀጠሮ የለውም። ሞራም ተመልሶ አይመጣም፤ የወጣው ሌንስ ወጥቷል። የአባትዎ ዓይን ውስጥ የደፈረሰው ምናልባት ከሌንሱ ኋላ የቀረው ቀጭን ሽፋን ነው። ያግ በሚባል ሌዘር መሐሉ ይከፈትለታል፤ መቁረጥም መስፋትም የለውም፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ሌዘሩ በሁሉም ሆስፒታል ስለማይገኝ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አጣሩ።

ስትሄዱም የአባትዎን የቀዶ ሕክምና ካርድ ያዙ። ሌንሱ በገባበት ዕለት ከማሸጊያው ላይ የሚላጥ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ የሌንሱ ዓይነት፣ ኃይሉና መለያ ቁጥሩ ታትሞበታል። ካርዱ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ገና ያልተሠራችሁ ሁሉ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ሁለተኛው ዓይን ሲሠራ እኔም ሆንኩ ሌላ የሚለካችሁ ሰው መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።